«የትኛውን ልምረጥ?» የሚሉ የመረጡ ሰዎች

ሰው ምክር የሚጠይቀው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከወሰነ በኋላ ነው። ሰሞኑን የእህቴን ልጅ ሁለት የፒኤ (ፊዚሺያን አሲስታንት፣ አሜሪካ ውስጥ ከዶክተር ጋር እየሠራ በሽተኛ የሚመረምርና መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ) ማሠልጠኛ ፕሮግራሞች ተቀበሏትና «ጋሼ፣ አንተ ራስህ ፒኤ ነህ፣ እስቲ የትኛውን ልምረጥ?» ብላ ኤክሴል ላከችልኝ። ኤክሴሉ ቀለም ተቀብቷል። የአንደኛው ትምህርት ቤት ሳጥኖች ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ፣ የሌላኛው ቀይ በቀይ። እሺ፣ እኔ ምን ልጨምርበት? ፊርማ?

ያወዳደረችውን ነገር ደግሞ ብታዩት! በአሻንጉሊት በሽተኛ የሚለማመዱበት የሲሙሌሽን ክፍል፣ የነጭ ጋዋን ፕሮግራም ፎቶ፣ የከተማው አየር፣ ጂም። ክፍሉ ውስጥ ያለው አሻንጉሊት በሽተኛ ዓይኑን ስለሚያርገበግብ ብቻ ሁለት ነጥብ አግኝቷል። አክሬዲቴሽን የሚል ረድፍ ግን ብፈልግ ብፈልግ የለም። የፒኤ ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው አርክ ፒኤ እውቅና ከሰጠው ፕሮግራም ያልተመረቀ ሰው እኮ ፓንስ የሚባለው የሙያ ፈተና ላይ መቀመጥም አይችልም፣ ያንን 300 ጥያቄ አምስት ሰዓት ተፋጦ ያላለፈ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ላይሰንስ ብሎ ነገር የለም። አረንጓዴው ትምህርት ቤት ገና ፕሮቪዥናል፣ ማለትም ለጀማሪ የሚሰጥ ጊዜያዊ እውቅና ላይ ነው ያለው፣ እስካሁን አንድም ሰው አላስመረቀም፣ ስለዚህ የፓንስ ውጤቱ ባዶ ነው። ፕሮቪዥናል መሆን ኃጢአት አይደለም፣ ሁሉም አንድ ቀን ጀማሪ ነበር። ባዶ ሳጥን አረንጓዴ መቀባት ግን ምን የሚሉት ነው?

ጀማሪ ካልን አይቀር፣ በፈረንጆቹ 1965 ዶክተር ዩጂን ስቴድ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ላይ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ሲከፍት የያዘው አራት ሰው ነበር፣ ባሕር ኃይል ውስጥ በሕክምና ያገለገሉ ልጆች። በ1967 ሦስቱ ተመረቁ። በዛሬ ሂሳብ አትሪሽኑ፣ ጀምሮ ያልጨረሰው ማለት ነው፣ 25 በመቶ መሆኑ ነው፣ የእህቴ ልጅ ብታገኘው በቀይ ትቀባው ነበር። እነሱ ግን ኤክሴል የላቸው፣ ሌላ ፕሮግራም የላቸው፣ አጎት የሚያስጨንቁበት ምክንያት የላቸው። ታድለው!

እኔ የምወዳት ተረት አለች፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የምትል። ይቺን የተረተ ሰው ካስፓን፣ በአንድ ፎርም ለብዙ የፒኤ ትምህርት ቤት የሚያመለክቱበትን ድረ ገጽ፣ አላየውም እንጂ ቢያየው ሐሳቡን ይቀይር ነበር። ካስፓ ላይ ካርድሽ እስከቻለ ድረስ አስርም አስራ አምስትም ዛፍ ማመልከት ትችያለሽ፣ በያንዳንዱ ዛፍ እየከፈልሽ። እሱስ ይሁን፣ ማመልከት ሌላ ነገር ነው። እኔን የሚያበሽቀኝ ሁለት ቦታ ተቀብለውት ሁለቱም ጋ የማይመለስ የወንበር መያዣ ዲፖዚት ከፍሎ፣ «ትንሽ ላስብበት» እያለ ትምህርቱ ሊጀመር ሳምንታት እስኪቀሩት ሁለት ወንበር ይዞ የሚቀመጠው ነው። ዌይትሊስት፣ የተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ያለው ልጅ ሥራውን ልልቀቅ አልልቀቅ፣ ቤት ልከራይ አልከራይ እያለ ስልኩን አቅፎ ያድራል። ያኛው እያሰበ ነው! አንተ የምታስብበት ወንበር እኮ የሌላ ሰው አንድ ዓመት ነው። ትምህርት ቤቱም ዲፖዚቱን ይውጣል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ስለ ማሰብ ካነሳሁ የእህቴን ባል ልዘለው አልችልም። ይሄ ሰውዬ ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ትምህርቱን መቼ ነው የምትጨርሰው?» ይለኛል። ጨርሻለሁ። በሽተኛ መርምሬ፣ መድኃኒት አዝዤ፣ ቁስል ሰፍቼ ነው የመጣሁት። «አይ፣ ዶክተሩን ማለቴ ነው» ይላል። በርግጥ በየሁለት ዓመቱ 100 ሰዓት ሲኤምኢ፣ ማለትም የባለሙያ ተከታታይ ትምህርት፣ ስለምሞላ ትምህርቱ አያልቅም፣ በዚህ በኩል ልክ ነው። የራሱ ጉልበት ሲያመው ግን ሌሊት ማን ጋ እንደሚደውል እኔና እሱ እናውቃለን፣ ያኔ «መቼ ትጨርሳለህ» የሚባል ነገር የለም፣ «ወንድሜ» ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ልጁ ሁለት ቦታ ተቀብለዋት ሁለቱንም «ለጊዜው ነው» እያለ ለሰው ያወራል። የማስተርስ ትምህርት እኮ ነው፣ ለጊዜው!

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ምርጫ። ትምህርቱ ብዙ ቦታ 27 ወር ገደማ ነው፣ ግማሽ ያህሉ ሮቴሽን ነው፣ ሆስፒታልና ክሊኒክ እየተዘዋወሩ መለማመድ፣ የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ ማህፀንና ፅንስ፣ አእምሮ፣ ድንገተኛ፣ የቤተሰብ ሕክምና። ቦታውንና አሠልጣኙን ማግኘት የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፣ ተማሪን «ራስሽ ፈልጊ» ማለት በአርክ ፒኤ ደንብ ክልክል ነው። እኛ ክሊኒክ ግን አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ «እባካችሁ ለስድስት ሳምንት ተቀበሉኝ፣ ፕሮግራሙ ቦታ አላገኘልኝም» ብላ በሩ ላይ ቆማለች። የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ ብሮሸሩ ግን እንዴት ያምራል መሰላችሁ፣ ቀዳዳ የሌለው መስታወት ሕንፃ። ለዚያ መስታወት ነው እንግዲህ ዕድሜ ልክ ብድር የሚከፈለው።

ይሄን ሁሉ ለልጅቷ አልጻፍኩላትም፣ ብጽፍም አታነበውም። ባጭሩ፣ የሁለቱንም የአምስት ዓመት የፓንስ ሪፖርትና የአትሪሽን ሠንጠረዥ ዌብሳይታቸው ላይ ፈልጊ፣ ማውጣት ግዴታቸው ነው፣ ባዶ ከሆነም ባዶ ብለሽ ጻፊ፣ ቀለም አትቀቢ። ከዚያ ሁለተኛ ዓመት ያሉ ተማሪዎች ጋ ደውለሽ ሮቴሽን ቦታችሁን መቼ ነው የምታውቁት፣ ምን ያህል ይርቃል ብለሽ ጠይቂ አልኳት። ዲፖዚቱ አርብ ነው የሚዘጋው።

«እሺ ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ» አለችኝ፣ «ቅዳሜ እደውልላቸዋለሁ።»