ክርክር፦ የብሔር ፖለቲካው ሳይፈርስ ፍትሕ ይገኛልን?

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የጀመሩት ሙግት ሰልስቱ ካለፈም በኋላ ስላልበረደ፣ በጽሑፍ እንዲጨርሱት ጠየቅናቸው። አንደኛው ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁለተኛዋ የወንጀል ጉዳይ ጠበቃ ናቸው። ሁለቱም ስማቸው እንዳይወጣ ፈልገዋል። የቀረበላቸው ጭብጥ «በኢትዮጵያ ፍትሕ እንዲሰፍን አስቀድሞ የብሔር ፖለቲካው መፍረስ አለበት» የሚል ሲሆን፣ መምህሩ ይደግፉታል፣ ጠበቃዋ ይቃወሙታል።

መምህሩ፦

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልነሣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 የሀገሪቱን ሉዓላዊ ሥልጣን የሰጠው ለዜጋ ሳይሆን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው። ጉዳዩ የቃላት አመራረጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተከራከርን። ነገር ግን ሥልጣን የብሔር ነው ከተባለ መሬቱም፣ ወንበሩም፣ በመጨረሻም ሞቱ በብሔር መታደሉ አይቀርም። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ መሆናቸውን በጽሑፍ አስፍሯል። እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጀ፣ ግን ከአምስቱ የማይቈጠር ገበሬ በሕግ ዐይን ምንድን ነው? በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በኩጂ በተባለች ቀበሌ በአንድ ቀን ከመቶ በላይ ሰው ሲያልቅ የሰማን ሁሉ የዚህን ጥያቄ መልስ ሰምተናል።

በአዲስ አበባ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ለዓመታት «ብሔር» የሚል መስመር ነበረ። መስመሩን የሞላው ጸሐፊ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ መስመሩ ግን አንድ ቀን ለክፉ ሰው እንደሚያገለግል ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር። ፖሊሱ፣ ዐቃቤ ሕጉና ዳኛው የሚሾሙት በዚህ ሚዛን እስከሆነ ድረስ፣ የተበደለው ሰው በደሉን የሚያሰማበት ደጅ የበዳዩ ደጅ ነው። እኔ የጣና ዳር ልጅ ነኝ፤ ያደግሁበትን አውቃለሁ። ከ1983 ዓ.ም. በፊት በዚህ ሐይቅ ዳር ሰው በሥራው እንጂ በብሔሩ ተጠይቆ አያውቅም።

ጠበቃዋ፦

የመምህርን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ በኩጂ ያሉትን አልከራከርበትም። የማልቀበለው ሥሩ ያ ነው መባሉን ነው። ደርግ አንቀጽ 8 አልነበረውም፣ የመገንጠልን መብት የሚሰጥ አንቀጽ 39ም አልነበረውም፤ የሚምለው «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብሎ ነበር። ሆኖም በቀይ ሽብር ዘመን በየጎዳናው የተጣለውን ወጣት፣ አስከሬኑን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ የተባሉትንም ወላጆች መምህር ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ በዕድሜም በሙያም። የልዩ ዐቃቤ ሕጉ ክስ ተጎትቶ ተጎትቶ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌለበት ጥፋተኛ ሲያስብል፣ ሰውየው ሐራሬ ላይ በሰላም ይኖር ነበር። የመጨረሻውን የፍርድ ቃል ሳይሰሙ የሞቱት እናቶች ስንት እንደሆኑ የቈጠረ የለም።

አሁን ወደምሠራበት ልመለስ። አብዛኞቹ ደንበኞቼ የተያዙት አማርኛ በሚናገር ፖሊስ ነው፤ የጊዜ ቀጠሮ የጠየቀባቸው አማርኛ ተናጋሪ መርማሪ ነው፤ 14 ቀን፣ ከዚያ ሌላ 14 ቀን የፈቀደውም የእነሱኑ ቋንቋ የሚናገር ዳኛ ነው። መታወቂያቸውን አገላብጦ ብሔራቸውን የመረመረ አልነበረም። ስለዚህ ፍትሕ የሚጀምረው ሕገ መንግሥት አፍርሶ ሌላ ከመጻፍ ሳይሆን፣ አንቀጽ 19 እንደሚያዝዘው የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ከማስገደድ ነው። ትንሽ ጥያቄ ነው፤ ግን የሚጨበጥ ጥያቄ ነው።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አላሳልፍም። «ሰው በሥራው እንጂ በብሔሩ ተጠይቆ አያውቅም» ብለዋል። በሥራው! መምህር፣ ይህን የጻፉት ከጣና ዳር ነው። የደንገል ታንኳ የሚሠራው፣ ወፍጮ ድንጋይ የሚጠርበው፣ ጉማሬ ያድን የነበረው ወይጦ በዚህ ሐይቅ ዳር ምን ተብሎ ነበር የሚጠራው? ከማን ጋር ማዕድ ቈረሰ? ልጁን ለማን ዳረ? ቀጥቃጩና ፋቂው ሥራቸው ስድብ ሆኖባቸው ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው እንዳትሰድቡ ብለው አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ለምን ይመስልዎታል?

መምህሩ፦

ልጄ፣ ጠበቃ መሆንሽ ጽሑፍሽ ላይ ይታያል፤ የተከሰስሁት እኔ መሰለኝ። ወይጦን ከየት አምጥተሽ ከዚህ ጉዳይ ጋር እንዳዛመድሽው አልገባኝም። ያ የኋላ ቀርነት ጠባሳ ነው እንጂ የመንግሥት ፖሊሲ አልነበረም፤ በደብዳቤና በማኅተም አልተሠራም። ይልቅስ በማኅተም ወደተሠራው እንመለስ።

አንቀጽ 19ን ጠቅሰሽ «የሚጨበጥ» አልሽ። እስቲ ሕግ ያነበብሽው አንቺ ነሽና አንቀጽ 93ን ለአንባቢ ግለጪለት። የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ ሊታገዱ የማይችሉት የትኞቹ ናቸው? አንቀጽ 1፣ አንቀጽ 18፣ አንቀጽ 25፣ እንዲሁም የአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2። አንቀጽ 1 የሀገሪቱ መንግሥት ስም ነው። አንቀጽ 39 ንዑስ 1 የመገንጠል መብት ነው። በሕይወት የመኖር መብት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ አንቺ የምትመኪበት 48 ሰዓትም የለም። እንግዲህ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን ምክንያት የታወጀውና ተራዝሞ አሥር ወር የዘለቀው ዐዋጅ በቆየበት ጊዜ፣ ያንቺ ደንበኛ ያለ ዳኛ ከርሞ ሲሰቃይ የመገንጠል መብቱ ግን ፀጉሩ አልተነካም። ይህንን የጻፈ እጅ ለሰው ሳይሆን ለቡድን እንደጻፈ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ያንቺ 48 ሰዓት ነው።

ጠበቃዋ፦

በመጀመሪያ፣ እዚህ የተጋበዝሁት በሙያዬ ነው። በድንኳኑ ውስጥ «ልጄ» ቢሉኝ እጅ ነሥቼ እቀበላለሁ፤ በክርክር መካከል ግን ቃሉ አክብሮት አይደለም፣ ዝም በይ ማለት ነው።

አንቀጽ 93ን ስለጠቀሱልኝ አመሰግናለሁ፤ ግን ዝርዝሩን ሲያነቡ በአንቀጽ 18 ላይ ፈጥነው አለፉ። አንቀጽ 18 ማንም ሰው ጭካኔ ከተሞላበትና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ እንዲጠበቅ የሚደነግግ ነው። በጦርነትም፣ በዐዋጅም አይታገድም። በወረቀቱ መሠረት ቢሆን ኖሮ በየማቆያው የተገረፈ ሰው መኖር አልነበረበትም። አለ። ጀርባቸውን አይቻለሁ። አንቀጽ 39 በዐዋጅ ስለማይታገድ የተጠቀመ አንድም ገበሬ የለም፤ አንቀጽ 18 ስለማይታገድም የዳነ አንድም እስረኛ አላውቅም። ጽሑፉ አይደለም እጁን ያንቀሳቀሰው። የገዥውን ጥፋት ሁሉ ወስዶ በአንድ አንቀጽ ላይ መለጠፍ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚደሰተው ደግሞ ራሱ ገራፊው ነው፤ «እኔ ምን ላድርግ፣ ሥርዐቱ ነው» ይላላ።

እሺ፣ ይፍረስ እንበል። እንጅባራ ላይ በአዊኛ ፊደል የቈጠረውን ሕፃን ምን ሊሉት ነው? አያቱ በትምህርት ቤት ቋንቋው ሲያሳፍረው የኖረ ልጅ ነው። አፍርሱት የሚሉት እኮ እሱንም ጭምር ነው።

ወይጦንም አልተዉኝም፣ እኔም አልተውም። «በማኅተም አልተሠራም» ብለዋል። ልክ ነው። አዊዎች ዞን፣ ምክር ቤትና መማሪያ ቋንቋ አገኙ። ወይጦ ከአሮጌው አንድነትዎ የተረፈው ንቀት ነው፤ ከአዲሱ የብሔር መዝገብም ያገኘው ዞን የለም። ቋንቋው ድሮ ጠፍቷል። ማኅተም ያልተመታበት በደል በደል አይደለም ካሉ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ጎዳና በሰልፈኞች ላይ የተፈጸመው ግድያም ማኅተም የለውም።

መምህሩ፦

ወይዘሮ ጠበቃ። ከእንግዲህ እንዲህ ብዬ እጠራዎታለሁ፤ ቅር እንዳሰኘሁዎት ስለነገሩኝ።

አንቀጽ 18 ካልሠራ አንቀጽ 19 በምን ተአምር እንደሚሠራ አልነገሩኝም። ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ ናቸው። «ጽሑፉ አይደለም እጁን ያንቀሳቀሰው» ካሉ በኋላ ተመልሰው የሚደገፉበት ያው ጽሑፍ ነው። ከወንበሩ ላይ ሆነው እግሩን እየቈረጡ ነው።

የብሔር መዝገቡ ምን እንደሚሠራ ሩቅ ሳንሄድ በጎንደር አካባቢ የሚኖረውን የቅማንት ሕዝብ ይመልከቱ። በ1999ኙ ሕዝብ ቈጠራ መለያቸው ከመዝገቡ ወጣ፤ ቈይቶ ክልሉ ለራስ አስተዳደራቸው 42 ቀበሌ ሰጠ፤ በመስከረም 2010 ዓ.ም. በስምንት ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። አብሮ የጋበዘ፣ አብሮ የቀበረ ሕዝብ በካርታ ላይ «የእኔ፣ ያንተ» ተባብሎ ደም ተፋሰሰ። መዝገብ ባይኖር ኖሮ የሚሰረዝ መለያ አይኖርም ነበር።

ነሐሴ 1ን ስላነሡ ግን ሌላውን ሁሉ ልተውና በዚያ ላይ ልቁም። እኔ ያን ቀን ዘንባባ ሥር ነበርሁ። ያ ሰልፍ የአማራን በደል ብቻ አልጮኸም፤ በኦሮሚያ ለሚፈሰው ደምም ጮኋል፤ ስለዚህ ማንም ተነሥቶ የብሔር ሰልፍ ነበር ቢለኝ አልሰማውም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚህች ከተማ ብቻ ቢያንስ 30 ሰው መገደሉን ጽፏል። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑ ለፓርላማ ባቀረበው ሪፖርት በሀገሪቱ በዚያን ጊዜ ሁከት የሞቱት 669 ናቸው ተባለ። ከሠላሳዎቹ ሁለቱ እኔ ያስተማርኋቸው ልጆች ናቸው። አንደኛው ከፊት ወንበር ይቀመጥ የነበረ፣ ዓመተ ምሕረት የማይጠፋው ልጅ ነበር። እስከ ዛሬ በእነሱ ደም ማን ተከሰሰ? ጠበቆች የት ነበራችሁ? የ48 ሰዓት ጥያቄያችሁ ለሙት አይሆንም መሰለኝ።

ጠበቃዋ፦

የት እንደነበርሁ ልንገርዎት። የመጨረሻ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበርሁ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት እየዞርን በአንድ የክፍል ደብተር ላይ ስም እንጽፍ ነበር፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የት ጋ እንደወደቀ፣ ማን እንዳነሣው። የመስከረም 2009ኙ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲመጣ ከመካከላችን አንዱ ተያዘ፤ ደብተሩን እናቴ በእህል ጐተራ ውስጥ ደበቀችው። በብዙ ቤት በራፍ ላይ «እዚህ የሞተ የለም» ተብለን ተመልሰናል፤ ፍራሽ ተነጥፎ እያየን።

ደብተሩ ላይ 19 ስም አለ። አምነስቲ 30 ካለ፣ የጎደሉት ቢያንስ 11 ናቸው፤ ሁለቱ እርስዎ ጋ እንዳሉ ዛሬ ሰማሁ። ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ፖሊሲው ይሠራል ብዬ አላታልልዎትም፤ የገዛ ሹሙን የሚከስ መንግሥት እስካሁን አላየሁም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ግን በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል በይርጋ እንደማይታገድ፣ በምሕረትም እንደማይታለፍ ይደነግጋል፤ ወንጀሉ እንደዚያ መሆኑን የሚያስረዳው ደግሞ ስም፣ ቀንና ምስክር ነው። እርስዎ ሥሩ እስኪነቀል ይጠብቃሉ። ቀኑን ጠንቅቀው የሚያውቁ የታሪክ መምህር ሆነው፣ ሁለቱን ስሞች ለማንም ሳይሰጡ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ያዟቸው?

መምህሩ፦

ማንም አልጠየቀኝም ብዬ ልመልስልዎት ነበር፤ ጽፌው ሰረዝሁት።

የአንደኛው ልጅ እናት እዚሁ ከእኔ ሦስት ቤት አለፍ ብላ ትኖራለች። ታናሽ ወንድሙ ባለፈው ዓመት ከቤት ተወስዶ እስካሁን ወዴት እንዳለ አታውቅም፤ የሟቹን ስም ባነሣ በሕይወት ያለውን እንዳላስገድልባት ትፈራለች። የእርስዎ እናት ደብተሩን ጐተራ ውስጥ ደበቀች፤ ይህችኛዋ ፎቶውን ከግድግዳው አወረደች። ስለዚህ ስሙ የእኔ አይደለምና ያለ እሷ ፈቃድ አልሰጥዎትም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጠይቃታለሁ። የሁለተኛው ቤተሰብ ከተማውን ለቋል፤ እሱን አፈላልጋለሁ።

አንቀጽ 93ን ግን አሁንም አልመለሱልኝም።