ዩቲዩብ ነው ጋሼ

ታክሲ ውስጥ አንድ ዘፈን ሰማሁ። ክራር አለበት። ከክራሩ ኋላ ሳክስፎን ይከተላል። ድምጿ ሻከር ያለ ነው፣ አንጀት ይበላል። ዘፋኟን ግን አላወቅኳትም።

"ወንድሜ፣ ይቺን የዘፈነችው ማናት?" አልኩት ረዳቱን።

"ዩቲዩብ ነው ጋሼ።"

"እሱስ ይሁን። ዘፋኟ ማናት?"

"እኔ እንጃ፣ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው።"

መውረጃዬ ደረሰ፣ ወረድኩ። ንዴቱም አብሮኝ ወረደ።

በረዳቱ አልፈርድም። የነገረኝ እውነቱን ነው። ዝም ብሎ ነው የሚመጣው። አንዱ ያልቃል፣ ሌላው ይተካል፣ ማን እንደላከው ማንም አይጠይቅም። ድሮ ቢሆን ግን የት እንደምሄድ አውቅ ነበር። ቀጥ ብዬ ሙዚቃ ቤት እገባለሁ። እፍረቴን ዋጥ አድርጌ፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ "እንዲህ የምትል... ናና ናና ና... ክራር ያለባት" ብዬ አንጎራጉራለሁ። ድምፄ ለዘፈን የተፈጠረ አይደለም። ሻጩ ግን አይስቅብኝም። የታማሚ ሆድ እንደሚዳስስ ሐኪም ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ያዳምጠኛል። ከዚያ "አወቅኳት!" ይላል። "ያለፈው ፋሲካ የወጣችው ናት። ሳይድ ኤ፣ ሦስተኛዋ።" ዞር ብሎ ሳያይ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ ካሴቷን ከመደርደሪያው ይመዛታል። ቴፑ ውስጥ ይከታታል። ጣቱን ፎርዋርዱ ላይ ያሳርፍና ክሩ ሽርርር ሲል ሰምቶ ብቻ ሦስተኛው ዘፈን መጀመሪያ ላይ ያቆማታል። አንዴም ሲስት አላየሁም።

ደግ ሰው ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ክፉ ነበር። የመረጥከውን ካሴት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ "ለራስህ ነው?" ይልሃል። "አዎ" ስትለው "እ..." ይላል። ሌላ ቃል የለም። ያቺ "እ" ሳምንቱን ሙሉ ስትቆጠቁጥህ ትከርማለች። አንዳንዱማ የገዛ ሸቀጡን ያጣጥላል። "ተወው ባክህ፣ ሁለት ዘፈን ነው ያለው፣ ሌላው ማሟያ ነው" ይልሃል። ነጋዴ ሆኖ "አትግዛ" የሚል ሰው ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

አሁን የሚመርጥልኝ አልጎሪዝም የሚሉት ነገር ነው። እሱ "ተወው ባክህ" ማለት አያውቅም። ምንም ብሰማ ደስ ይለዋል። አንድ ቀን ለእህቴ ልጅ የልጆች መዝሙር ከፈትኩለት። ይኸው እስከ ዛሬ ጥላሁንን ከሰማሁ በኋላ ጥርሳችንን እንቦርሽ ይለኛል።

የሙዚቃ ቤት ጥቅሙ ደግሞ ለገዢ ብቻ አልነበረም። አምስት ሳንቲም የሌለውም ሰው ዘፈን ይሰማ ነበር። እያንዳንዱ ቤት በሩ ላይ የሰው ደረት የሚደርስ ስፒከር ያቆማል። እንቁጣጣሽ ወይም ፋሲካ ሲቃረብ አዲስ አልበም ይወጣል፣ ሁሉም ቤት ያንኑ ዘፈን ይከፍታል። እኩል ግን አይጀምሩም። መንገዱን ይዘህ ስትሄድ የመጀመሪያው ቤት ጋ መግቢያውን ትሰማለህ። ሁለተኛው ቤት አዝማቹ ላይ ይቀበልሃል። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ዘፈኑ ገና መጀመሩ ነው። በዚህ ዓይነት ግጥሙን ካሴቱን ሳትገዛ ትሸመድደዋለህ። በአካባቢው ያሉ መሥሪያ ቤቶች በዚያ ጩኸት መሃል እንዴት ሥራ ይሠሩ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት አይሠሩም ነበር።

ስፒከሩ ዛሬም አለ። አሁን ግን "ቅናሽ፣ ቅናሽ፣ ቅናሽ" ነው የሚለው፣ በተቀዳ ድምፅ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

ለነገሩ ይህ ንግድ በቀላሉ የመጣ አልነበረም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የመኪና ሙያ ሊማሩ ጀርመን ተልከው፣ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ከተመለሱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። (ስለ መኪና ሊማር ሄዶ ዘፈን ይዞ የሚመለስ ሰው ይመቸኛል።) ኋላ እ.ኤ.አ. በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሡ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ሌላው እጁን እንዲሰበስብ ተባለ። ሰበሰበም። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ አምሃ እሸቴ የሚባል፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ባለሙዚቃ ቤት ተነሣ። የውጭ ሸክላ ሲሸጥ ኖሮ "የኛዎቹስ?" አለ። ክልከላውን እያወቀ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ አሳትሞ አስገባ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ ደርዘን የሚጠጉ ሙሉ አልበሞች አወጣ። በመሃሉ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ አምሃም ወደ አሜሪካ ሄደ። "ወርቃማው ዘመን" እያልን የምናወራለት ጊዜ፣ አንድ እግሩ የቆመው ደንበኞቹ ምን እንደሚፈልጉ ባንኮኒ ላይ ቆሞ ሲሰማ በዋለ ባለሱቅ ላይ ነው። ይህን የምናገረው አንዳንድ ሰው "ሻጭ ምን ያደርጋል፣ ሁሉ ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ" ሲለኝ ደሜ ስለሚፈላ ነው።

ከሸክላ በኋላ የካሴት ዘመን መጣ። እዚህ ላይ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ሙዚቃ ቤት፣ ሙዚቃ ቤት እያልን የምናለቅስለት ቦታ ግማሹ የሌባ ዋሻ ነበር። ባዶ ካሴት ይዘህ ትሄዳለህ፣ "ምርጥ ምርጡን ቅዳልኝ" ትላለህ፣ "ነገ ና" ትባላለህ። ዘፋኙ ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ከወጣ በኋላም መቅዳቱ አልቆመም፣ ድምፁን ብቻ ቀነሰ።

መቅዳት ሲነሣ እሱ ይመጣብኛል። ስሙን አልጠራም። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበር። ኦርጅናል ካሴት ነበረኝ፣ ከነሽፋኑ። ሽፋኑ ላይ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ፣ ቤዝ ጊታሩን ማን እንደተጫወተ ሳይቀር ተጽፏል። ከሥሩ ምስጋና ነው። ምስጋናው ከፈጣሪ ይጀምርና ልብሱን እስከሰፋለት ሰው ድረስ ይወርዳል፣ "ስማችሁን የዘነጋኋችሁ ይቅርታ" ብሎ ያበቃል። ደጋግሜ ከማንበቤ የተነሣ የዘፋኙን የአክስት ልጆች በስም አውቃቸው ነበር።

ጓደኛዬ "ለአንድ ሌሊት" ብሎ ወሰደው። እንደምታውቁት ኦርጅናል ካሴት እንዳይቀዳበት ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ጥርሶች ወልቀው ነው የሚመጣው። ይሄ ሰው ምን አደረገ? የማስቲካ ወረቀት ጠቅልሎ ቀዳዳው ውስጥ ጎሰጎሰ። ከዚያ ሳይድ ቢ ላይ ከሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ቀዳበት። እስከ ዛሬ ያ ዘፈን የትም ቦታ ሲከፈት፣ አዝማቹ ጋ ሊደርስ ሲል "ኳሷን ወደ ቀኝ መስመር..." የሚል ሰው ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል። "ምን ነካህ?" ስለው "ሳይድ ቢው እኮ አይረባም" አለኝ። ሰው እንዲህ ይባላል? ጨዋታው ደግሞ ዜሮ ለዜሮ ነበር ያለቀው።

ወዴት እየሄድኩ ነበር? አዎ፣ ፍላሽ። ሲዲ መጣ፣ ሲዲው ሳይደላደል ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ መጣ። ሙዚቃ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ኮምፒውተር ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ "የእገሌን ስጠኝ" ቀርቶ "ሙላልኝ" ሆነ። "የማን የማን ይሁን?" ሲባል መልሱ "ደባልቀው" ነው። የሦስት ትውልድ ዘፈን ጥፍር በምታክል ካርድ ታጭቆ ይወጣል፣ ሽፋን የለ፣ ምስጋና የለ፣ ስሙ "ትራክ 07" ነው። ሻጩ ማወቅ ያቆመው ያኔ ይመስለኛል። ምን ያድርግ? ዘፈን መሸጥ ትቶ ጊጋ መሸጥ ጀምሯል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ብዙ ሰው ሙዚቃ ቤቶቹን እያነሣ አለቀሰ። እኔም አልቅሻለሁ። ግን ስንቶቹ ናቸው ዶዘር ሳያዩ በፊት የሞባይል ቀፎና ከቨር መሸጫ የሆኑት?

አሁን ደግሞ ስትሪሚንግ ነው፣ ዘፈኑን ሳታወርድ ከኢንተርኔት በቀጥታ መስማት። ስፖቲፋይ ላይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ዘፈን አለ። "ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት" የሚለውን ተረት ነፍሴ እስኪወጣ እወደዋለሁ። ለጨርቅ ገበያ ይሆናል፣ ለምግብ ቤት ሜኑ ይሆናል፣ ለትዳር ፈላጊም ይሆናል። 100 ሚሊዮን ዘፈን ፊት ያቆሙት ሰው ምን ይሰማል? ትናንት የሰማውን።

ሰው ቤት ተጠርታችሁ ሂዱና እዩ። ሁሉም ስልኩን ይዟል፣ ስፒከሩ በብሉቱዝ ከእጅ እጅ ይዞራል። አንዱ ዘፈን ይከፍታል። ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ሌላው "ቆይ ቆይ፣ እሱን ተወውና ይሄን ስሙልኝ" ይላል። ያኛውም ሳያልቅ ሦስተኛው ይነጥቀዋል። ሌሊቱን ሙሉ አንድም ዘፈን ሳይጨረስ ይነጋል። ካሴት ቢሆን ማን ከሶፋ ተነሥቶ ይቀይራል? ስንፍናችን ዘፈን ያስጨርሰን ነበር።

ዘፋኙም ይህን አውቆ ቸኩሏል። ስፖቲፋይ አንድን ዘፈን "ተሰማ" ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው። የድሮ ትዝታ በ30 ሰከንድ ገና መግቢያው ላይ ነው፣ ክላርኔቱ ጉሮሮውን እየጠረገ። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ለባለቤቱ ምንም አያስገኝም። ጥቂት አይደለም የምላችሁ፣ ምንም። እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቃል። ካሴት ቀጂው ቢያንስ ሌባ ተብሎ ይሰደብ ነበር፣ ፖሊስ ሲመጣም ይሮጥ ነበር። ይሄኛው "ፖሊሲ" ተብሎ በኢሜይል ይላካል። 999 ጊዜ የተሰማ ዘፈን አልተዘፈነም ማለት ነው? ስቱዲዮ የተከፈለበት፣ ግጥም የተገዛበት፣ አንድ ሰው ሌሊት ያለቀሰበት ዘፈን?

የኛዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ "አውታር" የሚል የሙዚቃ መሸጫ አፕ ይዘው ብቅ ብለው ነበር። ዘፈኑ በጥቂት ብር ነበር የሚሸጠው። እኛ ምን አልን? "ዩቲዩብ ላይ በነጻ አለ እኮ!" ይህን ያለው ሰው ለአንድ ማኪያቶ የሚከፍለውን አስቡት። አንድ ቀን ቲፕ ሲተው ያየሁት ሰው ነው ይህን ያለኝ።

ክራር ያለባትን ዘፋኝ እያፈላለግኩ ነው። ስልኬ ሲንጎራጎርለት ዘፈን ያውቃል ብለውኝ ማንም በሌለበት ክፍሌን ዘግቼ "ናና ናና ና" አልኩለት። የህንድ ፊልም አመጣልኝ። ደገምኩለት። የመኪና ማስታወቂያ አመጣ። ያ ክፉ ሻጭ ቢኖር ኖሮ "እ..." ብሎም ቢሆን ይሰጠኝ ነበር። ለጊዜው ትቼዋለሁ።

"አይዞህ፣ ሸክላ ተመልሷል" ይሉኛል። ልክ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ በብዛት ከሲዲ በልጦ ተሸጧል። በነአምሃ ዘመን የታተሙት ብርቅዬ ሸክላዎችም የውጭ ሰብሳቢዎች በመቶዎች ዶላር የሚፈላለጓቸው ዕቃዎች ሆነዋል። እኛ ጋም ተመልሰዋል፣ ካፌ ግድግዳ ላይ። መሃላቸው ቀዳዳ ስላለ ለሚስማር ይመቻሉ።

ያ የኳስ ቀጂ አሁን ውጭ ሀገር ነው የሚኖረው። በቀደም ፌስቡክ ላይ ፎቶ ለጥፏል። ሸክላ ማጫወቻ፣ ከጎኑ መደርደሪያ ሙሉ ሸክላ፣ እሱ እግሩን አጣምሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ከሥሩ "ኦርጅናልን የሚያህል ነገር የለም" ብሎ ጽፏል።

"ሳይድ ቢውንም ትሰማዋለህ?" አልኩት።

ላይክ አደረገልኝ።