የዚያች ሴት ስም ዲቦራ ሄይ ነው

አንድ ምስል አለ። የኮምፒውተር ጥበብ ታሪክ በተነሳ ቁጥር እሱም አብሮ ይነሳል። አንዲት ሴት ራቁቷን ጋደም ብላለች። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን ሴት የሚባል ነገር የለም። ያለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ምልክት ነው፤ የትራንዚስተር ነው፣ የሬዚስተር ነው፣ የማባዣና የማካፈያ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ጥቃቅን ምልክት፣ አንዱ ደመቅ ያለ፣ ሌላው ሳሳ ያለ፣ ተደርድሮ ተደርድሮ ግድግዳ የሚሞላ። ራቅ ስትሉ ተመልሳ ትመጣለች።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ስልኬ ላይ ነው። ስለዚህ ቀድማ የታየችኝ ሴቷ ናት፤ ምልክቶቹን ያገኘኋቸው በሁለት ጣቴ ሳሰፋው ነው። በ1966 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፊቱ የቆመ ሰው የሚገጥመው ግን ተቃራኒው ነበር። ወርዱ ከ3 ሜትር ተኩል ይበልጣል። አጠገቡ የቆመ ሰው ምልክት ብቻ ነው የሚያየው። ወደ ኋላ እያለ፣ እያለ ሲሄድ ነው «እንዴ!» የሚለው።

የሠሩት ኬን ኖልተን እና ሊዮን ሃርመን ይባላሉ። ሁለቱም አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ፣ መሬይ ሂል በሚገኘው የቤል ቴሌፎን ላብራቶሪ ይሠሩ ነበር። ነገሩ የተጀመረው ለቀልድ ነው። አለቃቸው ኤድዋርድ ዴቪድ ቢሮው ባልነበረበት ጊዜ ግድግዳው ላይ ሰቀሉለት። አለቃው ሲመለስ ወደደውም፣ ፈራውም። ራቁት ሴት በቢሮ ግድግዳ! ምስሉ ብዙም ሳይቆይ ወረደ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋናው ቦታ ነው። ኖልተን ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ የኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል «ምስሉን ብታሰራጩም የቤልን ስም እንዳታነሱ» አላቸው። ጥቅምት 11 ቀን 1967 ኒውዮርክ ታይምስ ምስሉን አተመው። ትልቁ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ያው ክፍል ተመልሶ «ስታሳዩት ቤል ላብራቶሪ ውስጥ መሠራቱን መናገር እንዳትረሱ» አለ። በ1968 ምስሉ ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ። ርዕሱም ከብዶ መጣ፦ «የዕይታ ጥናቶች 1»። ሰዉ ግን አሁንም የሚጠራው «የኮምፒውተር ራቁት» እያለ ነው።

እስቲ ልብ በሉ። የኩባንያው ስም ይነሳ፣ አይነሳ ተብሎ ይህን ያህል ተጨንቀዋል። የሁለቱ መሐንዲሶች ስም በየመጽሐፉ አለ። የአለቃው ስም ሳይቀር አለ። እዚያ ላይ የተጋደመችው ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ «ሞዴሏ» ናት፣ «ራቁቷ» ናት፣ ወይ ደግሞ ምንም አይደለችም።

ዲቦራ ሄይ ትባላለች።

የተወለደችው በ1941 ብሩክሊን ነው። ዳንሰኛ ናት፣ ዳንስ የምትፈጥር ባለሙያ ናት። ከመርስ ከኒንግሃም የዳንስ ቡድን ጋር ዞራ ሠርታለች። ኒውዮርክ ውስጥ በጀድሰን ቤተ ክርስቲያን ይሰባሰቡ ከነበሩት ወጣቶች አንዷ ነበረች፤ እነዚያ መራመድም፣ መቀመጥም፣ ዕቃ ተሸክሞ ማለፍም ዳንስ ነው ብለው የተነሱት ልጆች። ከዚያ በኋላ አሥርት ዓመታት ሙሉ በሙያዋ ቆይታለች፤ ያልሠለጠኑ ሰዎችን ይዛ ሠርታለች፣ ስለ ገላ ጽፋለች፣ አስተምራለች።

እኔን ግን በጣም የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያው በ1966፣ በጥቅምት፣ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ሰፊ የጦር አዳራሽ ውስጥ ዘጠኝ ምሽት የፈጀ ዝግጅት ነበር። አርቲስቶችና መሐንዲሶች አብረው የሠሩበት ነው፤ ከመሐንዲሶቹ ብዙዎቹ ከዚያው ከቤል ላብራቶሪ የመጡ ናቸው። ዲቦራ ሄይ እዚያ የራሷን ሥራ አቅርባለች። በርቀት መቆጣጠሪያ የሚነዱ ትንንሽ መድረኮች አዳራሹ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሰዎች ላያቸው ላይ ቆመው ወይም ተጋድመው ይሄዳሉ። የሚነዷቸው ሰዎች ደግሞ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ታያላችሁ? ገላ እና ማሽን ሲገናኙ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ መሐንዲሶቹ ብቻ አልነበሩም የያዙት። እሷም ይዛው ነበር፣ በራሷ ቋንቋ፣ በዚያው ዓመት። እኛ ግን ከሁለቱ ሥራዎች ያስታወስነው እሷ ዝም ብላ የተጋደመችበትን ነው።

አሠራሩን ላስረዳ፣ ስሟ ከሠሪዎቹ ጋር ይጻፍ የምልበት ክርክሬ እዚያ ውስጥ ስላለ። መጀመሪያ ፎቶ ተነሳች። ከዚያ ማሽን ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር እየቃኘ እያንዳንዱ ቦታ ምን ያህል ብርሃን እንዳለው ለካ። ልኬቱ ቁጥር ሆነ፣ ቁጥሩ መግነጢሳዊ ቴፕ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ለየቁጥሩ ምልክት መረጠለት። ለጨለማው ቦታ ቀለም የሚበዛበትን፣ ለብርሃኑ ቦታ ቀለም የሚያንስበትን።

ሰፌት ሲሰፋ ያየ ሰው ይሄ አይከብደውም። እናቴ ስትሰፋ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። በወስፌ ትወጋለች፣ አለላውን ታሾልካለች፣ ትስባለች። አንድ ቀይ፣ ሁለት አረንጓዴ፣ እንደገና ቀይ። አንዱ ዙር ለብቻው ምንም አይመስልም። «ምንድን ነው የሚሆነው?» ስላት «ቆይ፣ ይወጣል» ትለኛለች። ሲደራረብ እውነትም ይወጣል፤ ማታ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ከበር ላይ ሆኜ አየዋለሁ።

ልዩነቱ እናቴ ጥለቱን ከጭንቅላቷ ነው የምታወጣው። የኖልተንና የሃርመን ምስል ግን ከጭንቅላት አልመጣም። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ የሆነ ቀን፣ አንዲት ሴት ቆዳ ላይ አርፎ ወደ ካሜራው ከተመለሰ ብርሃን የተለካ ነው። ትከሻው ጋ ያለው ምልክት ሳሳ ያለው የእሷ ትከሻ ብርሃኑን እንደዚያ ስለመለሰው ነው። ሌላ ሰው ብትጋደም ኖሮ ምልክቶቹም ሌላ ይሆኑ ነበር። ስለዚህ «ድሮም ቢሆን ሠዓሊ የሞዴሉን ስም አይጽፍም» የሚለኝ ሰው አያሳምነኝም። ሠዓሊው እያየ በእጁ ይፈጥራል፣ ቢፈልግ አፍንጫዋን ይቀይራል። እዚህ ግን የእሷ ገላ ጥሬ ዕቃው ነው። ግማሹ ሥራ የእሷ ነው እላለሁ።

ደግሞ ስም መጻፍ በዚያ ዘመን ወግ አልነበረም እንዳትሉኝ። ያው ሊዮን ሃርመን በ1973 ሌላ ምስል አወጣ። አንድ ፊት ወስዶ ወደ 252 ትልልቅ አራት ማዕዘኖች ቀየረው፤ እያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ዓይነት ግራጫ ብቻ ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት የተደረደረ ጡብ ይመስላል። ዓይናችሁን ጨፈን ስታደርጉ ወይም ራቅ ስትሉ ግን አብርሃም ሊንከን ቁጭ ብሎ ያያችኋል። ምክንያቱን ሃርመን ከቤላ ዩሌስ ጋር ሆኖ አጥንቶታል፦ የማዕዘኖቹ ጠርዝ ስለታም ስለሆነ ዓይናችንን ይረብሸዋል፣ ጠርዙ ሲደበዝዝ ከሥር የነበረው ፊት ነጻ ይወጣል። ግሩም ሥራ ነው። ሳልቫዶር ዳሊ ሳይቀር ተነሳስቶበት በ1976 ትልቅ ሥዕል ሠራበት። እና ያ ምስል ምን ይባላል? ሊንከን ነዋ። ማንም «የወንድ ፊት ጥናት» ሲለው ሰምቼ አላውቅም።

ቶኪዮም ሂዱ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲቲጂ የሚባል የወጣት ተማሪዎችና መሐንዲሶች ቡድን በጥይት የተገደለውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የኬኔዲን ፎቶ ወስዶ በኮምፒውተር ወደ መስመር ቀየረው፤ መስመሮቹ በሙሉ ወደ አንዲት ነጥብ ይሮጣሉ፣ የጥይት መንገድ ይመስላሉ። ርዕሱ ላይ ኬኔዲ አለ። አሜሪካዊቷ አርቲስት ናንሲ በርሰን በ1982 የመሪዎችን ፊት በያዙት የኑክሌር አረር መጠን አዋህዳ አንድ ፊት ስትሠራ 55 በመቶው ሬገን፣ 45 በመቶው ብሬዥኔቭ ተብሎ ተጻፈ፤ ታቸር፣ ሚተራን እና ዴንግ እያንዳንዳቸው ከ1 በመቶ በታች ሆነው እንኳ ስማቸው አልቀረም። ለእኔ ይሄ ያማል። ከመቶ አንድ ለማይሞላ ፊት ስም ተገኘ፣ ሙሉ ገላዋን ለሰጠችው ግን አልተገኘም።

ብራዚላዊው አርቲስት ዋልደማር ኮርዴይሮ ከሁሉም የምወደው ነው። በ1969 ከፊዚክስ ሊቁ ጆርጆ ሞስካቲ ጋር ሆኖ ሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በነበረ አይቢኤም ኮምፒውተር የሁለት ፍቅረኞችን ፎቶ ሠራበት። ለፍቅረኞች ቀን ከተሠራ ማስታወቂያ የተገኘ ፎቶ ነው። በ7 የጥቁርና ነጭ ደረጃ ቁጥር አደረገው፣ ከዚያ ሒሳብ ተማሪ የሚያውቀውን ዴሪቬቲቭ ሠራበት። ማለትም ብርሃኑ የሚለወጥበት ቦታ ብቻ ይቀራል፣ ዝም ያለው ይጠፋል። ደግሞ ከውጤቱ ላይ እንደገና፣ ደግሞ እንደገና። በየዙሩ ፍቅረኞቹ እየሳሱ ይሄዳሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው የሁለት ሰው ጠርዝ ነው፣ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ የማይለይ። አገሩ በወታደር እየተገዛ፣ ኮምፒውተር የመንግሥትና የባንክ ዕቃ በነበረበት ጊዜ ይህን ለመሥራት መነሳት ቀላል አይደለም።

በ1971 ደግሞ የአንዲት ቬትናማዊት ልጅን ፊት በነጥብ ሠራ። ርዕሱ «ቢ.ቢ. ያልሆነችው ሴት» ነው። ቢ.ቢ. ፈረንሳዊቷ የፊልም ተዋናይ ብሪጂት ባርዶ ናት፣ ያኔ ዓለም ሁሉ ፊቷን የሚያውቃት። ርዕሱ ላይ ንዴት አለ፣ ንዴቱም ትክክል ነው፦ የአንዷን ፊት ሁላችንም እናውቃለን፣ የሌላዋን ማንም አያውቅ። ግን ኮርዴይሮም ስሟን አልነገረንም። ምናልባት እሱም አልነበረውም። ማን እንዳልሆነች እንጂ ማን እንደሆነች አናውቅም።

«ስሟ እንዲጻፍ የማትፈልግስ ብትሆን?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም አለ። በ1973 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሙከራ የሚሆን ፎቶ ቸገራቸውና ከ1972 የኅዳር ፕሌይቦይ መጽሔት ላይ የአንዲት ስዊድናዊት ፎቶ ቀደው ስካን አደረጉ። ከትከሻዋ በላይ ያለውን፣ 512 በ512 ነጥብ። ሌና ትባላለች። ለአሥርት ዓመታት ምስል የሚያሳንስም፣ የሚያጠራም ፕሮግራም የሠራ ሰው ሁሉ በእሷ ፊት ነው የሞከረው። ስሟ ነበር፣ ፈቃዷ ግን አልነበረም፤ ማንም አልጠየቃትም። ካደገች፣ ካረጀች በኋላ ራሷ «ከሞዴልነት ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ከቴክኖሎጂውም መውጫዬ ነው» የሚል ነገር ተናገረች። አይትሪፕልኢ (IEEE) የተባለው የመሐንዲሶች ድርጅት የኮምፒውተር ማኅበር ከሚያዝያ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ፎቶዋ ያለበትን ጽሑፍ አልቀበልም አለ። 50 ዓመት ፈጀ። ራሷን ጠይቋት የምለው ለዚህ ነው። ጻፉኝ ካለች ጻፏት፣ አውጡኝ ካለችም አውጧት።

ዛሬ ደግሞ በትእዛዝ ምስል የሚሠሩልን ፕሮግራሞች የተማሩት ከኢንተርኔት ከተሰበሰበ የሰው ፎቶ ነው። እዚያ ውስጥ ማን እንዳለ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። 1966 ላይ ግን የነበረችው አንዲት ሴት ናት። ማን እንደሆነች ይታወቃል። እሷንም መጻፍ ካቃተን ለቢሊዮኖቹ ምን ልንል ነው?

ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የመጣውን ልንገራችሁ። በ1957 ራስል ኪርሽ የሚባል ሰው አሜሪካ መንግሥታዊ የልኬት ተቋም ውስጥ ሲያክ በተባለው ኮምፒውተር የመጀመሪያውን ፎቶ ስካን አደረገ። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ ፎቶ፣ 176 በ176 ነጥብ። ፎቶው ላይ ያለው የሦስት ወር ሕፃን ነው፤ ከነጥቦቹ መሃል ክብ ጭንቅላቱና ዓይኖቹ ብቅ ብለዋል። የሕፃኑን ስም እናውቃለን፣ ዋልደን ነው። የምናውቀውም ማሽኑን የሠራው ሰው አባቱ ስለነበረ ነው።

የዚያ ግድግዳ የሚሞላ ምስል ቅጂ ኮምፒውተሬ ላይ አለ። ሳወርደው የፋይሉ ስም ሁለት የመሐንዲስ ስምና «ራቁት» የሚል ቃል ነበረው። ቀይሬዋለሁ። አሁን የሚለው «ዲቦራ ሄይ፣ ኬን ኖልተን፣ ሊዮን ሃርመን፣ 1966» ነው።