ማስተካከያ፦ ስለ ባለወረንጦው ነፍሳት የጻፍኩት
ሰላም ጎንደሬዎች፣ ቅዳሜ ለት ደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለችው ሴንት ሄለና ደሴት ላይ (ስሟ የኛዋ የመስቀሏ ንግሥት እሌኒ ነው እኮ) ጭራው ላይ ወረንጦ የመሰለ ነገር ያለው ግዙፉ ኢርዊግ የሚባል ነፍሳት አሁንም አለ ብዬ ፖስት አድርጌ ነበር፣ ተሳስቻለሁ። በህይወት መጨረሻ የታየው በ1967 ነው፣ በ2014 ደግሞ ከምድር ጠፍቷል ተባለ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር፣ ከኔ ጣት ይረዝማል በሉት! አይጡም በላው፣ ሰዉም የሚጠለልበትን ድንጋይ ለግንባታ እየለቀመ ቤት አሳጣው።

ደግሞ ከአዘዞ ሆናችሁ ኢርዊግ የሰው ጆሮ ገብቶ እንቁላል ይጥላል ወይ ላላችሁኝ አዎ ያልኩት ውሸት ነው፣ እናትየው እንቁላሏን አፈር ውስጥ ጥላ እየላሰች ነው የምትጠብቀው። በዓለም ያለው የኢርዊግ ዝርያም 200 ሳይሆን ወደ 2000 ነው፣ አንድ ዜሮ በልቻለሁ ይቅርታ።