ለፔንግዊን መብራት ያዦች ምስጋና ይድረስ

አውስትራሊያ ውስጥ፣ ከሜልበርን 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ፊሊፕ ደሴት አለች። ሲመሽ ትንንሽ ፔንግዊኖች ከባሕር ይወጣሉ። ቁመታቸው አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። ዓሣ ሲለቅሙ ይውሉና፣ ለጫጩት የሚሆነውን በሆዳቸው ይዘው፣ ጠላት እንዳያያቸው ጨለማ ጠብቀው ነው የሚመጡት።

ምስኪኖች! በጨለማ እኮ ነው የሚገቡት። ደግነቱ እኛ አለንላቸው። መብራት እየጠፋብን ያደግን ሰዎች ነን፤ ፍጡር በጨለማ ሲደናበር አንጀታችን አይችልም። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው ተብሎ ተለጥፏል፤ በማይክም ይነገራል። እሱ ለቱሪስት ነው። እኛ የአገሩ ነዋሪ ነን።

ባለፈው አንድ ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ስልካቸውን አወጡ።

«ጋሼ፣ ክልክል ነው» አልኳቸው።

«ለልጅ ልጆቼ ነው የምልከው፣ ልጄ።»

ለልጅ ልጅ ከሆነማ ምን ይባላል? ፍላሹ ቦግ አለ። ከፊት የነበሩት ፔንግዊኖች ዞረው ወደ ውሃው ተመለሱ። ፎቶውን አሳዩኝ፤ ጥቁር ነው፣ መሃሉ ላይ ሁለት ነጭ ነጥብ። «ይኸውልህ!» አሉኝ። ግሩም ነው አልኳቸው።

ደሴቷ ያለችበት የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት መንግሥት ግን ነገር ያካብዳል። ድሮ በደሴቷ 10 የፔንግዊን ሰፈሮች ነበሩ፤ የቀረው አንድ ብቻ ነው። እዚያው አጠገቡ የሰው መንደር ነበረ። መንግሥት በፈረንጆቹ 1985 መንደሩን ሙሉ በሙሉ ለመግዛት ወሰነ። ቤቱን እየገዛ፣ እያነሳ፣ እስከ 2010 ቆየ። 25 ዓመት! ለወፍ ተብሎ ሰው ሲነሳ! እኛ የምናውቀው ለሆቴል ሲነሳ ነው። ጭራሽ በ2019 አዲስ የጎብኚዎች ማዕከል ከፍተው፣ የድሮውን ቦታ ለወፎቹ መለሱላቸው። እስቲ አሁን እዚያ ላይ አንድ ካፌ ቢጨመር ምን ነበረበት?

ቀበሮውንም አጥፍተዋል። በ2017 ደሴቷ ከቀበሮ ነጻ ናት ተባለ። ቀበሮ ስልክ ስለሌለው ሳይቀላቸው አልቀረም።

ስንወጣ መኪና ማቆሚያው ላይ ሌላ ማስታወቂያ አለ፤ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔንግዊን እንዳይኖር ከመኪናው ሥር እዩ ይላል። ጋሼ ሕግ አክባሪ ናቸው። ጉልበታቸውን እያመማቸው ተንበርክከው አዩ።

በስልካቸው መብራት።