ዝም ላሰኘልን ስልክ ምስጋና ይድረሰው

የጎንደር ወላጅ ጥንቁቅ ነው። የሚጠራጠር ካለ ማራኪ ወይም አዘዞ ይሂድና አንዱን የቆርቆሮ በር ያንኳኳ። «ማነው?» ይባላል። «እኔ ነኝ» አይበቃም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማንን እንደሚፈልግ ሳይናገር መቀርቀሪያው ንቅንቅ አይልም። የስምንት ዓመት ልጅ ብቻውን ፒያሳ አይላክም። ባጃጅ አለ፣ ሌባ አለ፣ ዘመኑ ከፍቷል።

ይኸው ጥንቁቅ ወላጅ በሩን አጥብቆ ከዘጋ በኋላ ለልጁ ስልኩን ያቀብለዋል። እኔም እጅ የምነሳው እዚህ ላይ ነው።

ስልክ የሚውልልንን ውለታ ለማየት አንድ የእሁድ ቡና ይበቃል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል። ጥግ ላይ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አጎንብሷል። ስልኩ ጠርዙ ተሰንጥቋል፣ ስክሪኑ ላይ የፈንዲሻ ጨው ተጣብቋል። አቦል ሲቀዳ ልጁ የሚያየው ተረት ነው፤ ጥንቸልና ጅብ። ቶና ላይ ዩቲዩብ በራሱ ጊዜ ወደ ሌላ ቪዲዮ ተሻግሯል፤ ማንም የማያውቀው ቋንቋ የሚያወራ ካርቱን ነው። በረካ ሲደርስ ካርቱኑ ቢላ ይዟል። አንዷ እንግዳ ታዲያ «ውይ ሲባረክ፣ ድምፁ እንኳ አይሰማ!» ትላለች። እናት ደስ ይላታል። «እሱማ ስልኩን ከያዘ መች ያስቸግረኛል!»

ቪዲዮ በራሱ እንዳይቀጥል የሚያደርግ ማጥፊያ አለ፤ ስክሪኑ ላይ አንዴ ጫን ቢያደርጉት ያበቃል። ግን ማን ከቡና ተነስቶ?

ደግሞ ስልኩ የሌለበትንም ጊዜ አይተነዋል። በ2015 መጨረሻ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ወራት ሲቆጠሩ፣ በዚያ ሁሉ መከራ መሀል ልጆቹ ብይና ሰኞ ማክሰኞ አስታወሱ። ጩኸታቸው ጆሮ በጠሰ። ምን የመሰለ ጥያቄ ሁሉ ጠየቁን። ዳታው ሲመለስ እኛም ተገላገልን።

ዕድሜን በተመለከተ ደግሞ የኛን ያህል የተሳካለት የለም። ቲክቶክም ፌስቡክም ከ13 ዓመት በታች አንቀበልም ይላሉ። ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች የኛን አቆጣጠር የት ያውቁታል? በ2008 የተወለደ ልጅ የትውልድ ዓመትህን አስገባ ሲባል ሳይዋሽ 2008 ይላል። ስልኩ በፈረንጅ ያሰላዋል። ልጁም ተቀምጦ ሰባት ስምንት ዓመት ያድጋል። ቲክቶክ ዕድሜው ከ16 በታች ለሆነ ሰው የግል መልእክት አይፈቅድም፤ አካውንቱንም ገና ሲከፈት ከማያውቀው ሰው ይሸሽገዋል። ለኛ የሦስተኛ ክፍል ጎረምሳ ግን ይህ ሁሉ አይመለከተውም። መልእክት የፈለገ ሁሉ ይጻፍለት።

አባቶችም ኮርተዋል። «ቴሌብር የሚልክልኝ እሱ ነው» ይላል አንዱ ድራፍቱን ይዞ። የሚስጥር ቁጥሩን እንደሆነ አባት ሲረሳ የሚጠይቀው ልጁን ነው። ልጁ በስልክ ጨዋታ ላይ ያገኘው «ወንድም» ካርድ ሙላልኝ ሲለውም አያሳፍረውም። ቸርነት በዘር ይወረሳል።

አሁን ደግሞ ሰኔ 30 ይምጣ። ካርድ የሚሰጥበት ቀን ነዋ። ከሰዓት በፊት የከተማው ፌስቡክ በውጤት ካርድ ይሞላል። «ልጄ ከክፍሏ 1ኛ ወጣችልኝ፣ ተመስገን!» ፎቶው ጥርት ያለ ነው። ሙሉ ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ትምህርት ቤት፣ ክፍልና ሴክሽን፣ የክፍል ኃላፊ መምህሯ ስም ከነፊርማው። ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ አጠገቡ ቆማለች። ድሮ የሌላ ሰው ልጅ ማባበል ያማረው ክፉ ሰው ስንት ቀን በር ላይ ቆሞ፣ ስንቱን ጠይቆ ነበር የሚያውቀው! ዛሬ እኛው አዘጋጅተን፣ ቅንብሩን አሳምረን እናቀርብለታለን። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ «አባትሽ እንዳመጣሽ ልኮኝ ነው፤ 1ኛ መውጣትሽንም ነግሮኛል» ቢላት ምን ብላ ትጠርጥረው? እንግዳ መቀበል የምናውቅ ሕዝብ ነን። ስሟንና የትምህርት ቤቱን ስም በጣት ሸፍኖ የሚለጥፍ ወላጅ አንድ ቦታ አይቻለሁ። ንፉግ!

ከሁሉ የማደንቀው ግን ፍጥነታችንን ነው። ልጅ መጥታ «እማ፣ አንድ ሰው ፎቶ ላኪልኝ አለኝ» ብትል ምን ይደረጋል? አንድ ጥፊ። ስልኩን መንጠቅ። «ምን ብታሳዪው ነው?» ቀጥሎ መልእክቱን ሁሉ ማጥፋት፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ከ2008 ጀምሮ ልጅን በእንዲህ ያለ መልእክት ለብልግና የሚያባብልን ሰው ወንጀለኛ ይለዋል። ፖሊስ ጋ ቢኬድ ማስረጃው ያ የተላከው መልእክት ነበር። እኛ ግን ጠራርገነዋል። ለክፉ ሰው ከዚህ የተሻለ ጠበቃ ከየት ይመጣለታል? ልጅቷም ትምህርቷን ወስዳለች፤ ሁለተኛ ምንም አትነግረንም። ቤቱ ሰላም ነው።

ይህን ሰላም ለማደፍረስ የተሠሩ ነገሮች አሉ። ጉግል ፋሚሊ ሊንክ የሚባል ነጻ መተግበሪያ አለው። ልጁ የትኛውን መተግበሪያ እንዲጭን፣ በቀን ስንት ሰዓት እንዲያይ ወላጁ ከራሱ ስልክ ሆኖ ይወስናል፤ ማታ ይቆልፍበታል። ቴሌግራምም ልጁን ማንም እየጎተተ ግሩፕ ውስጥ እንዳያስገባው ማስተካከያ አለው። አንድ ምሽት ይበቃው ነበር። ያንን ምሽት ግን እኛ ራሳችን ቲክቶክ ላይ ስለሆንን አልተመቸንም።

ይህ ሁሉ ሥራ በአንድ ሰው እንዳይበላሽ ደግሞ ከወዲሁ ላመልክት። ቁስቋም አካባቢ አንዲት አያት አሉ። ስክሪን አይወዱም፤ ግን የልጅ ልጃቸው ፍሪ ፋየር የሚባለውን፣ ከማያውቁት ሰው ጋር በኢንተርኔት የሚጫወቱትን የተኩስ ጨዋታ ስትጫወት እንዝርታቸውን ይዘው አጠገቧ ይቀመጣሉ። ጥጥ እየፈተሉ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተኮሰ ይጠይቃሉ። ልጅቷም ሳትደብቅ ትነግራቸዋለች፤ ኋላ ቀርነት ይጋባል መሰለኝ። አንድ ቀን ማይኩ ክፍት ነበር። ጎርነን ያለ የወንድ ድምፅ መጣ።

«ስንት ዓመትሽ ነው? ብቻሽን ነሽ እንዴ?»

እማማ እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«ኧረ አለሁላት፣ እኔ አያቷ! አንተስ የማን ልጅ ነህ? አባትህ ማን ይባላል? ሰፈርህ የት ነው?»

ሰውዬው አንድ ቃል ሳይመልስ ከጨዋታው ወጣ። ቡድኑ ተሸነፈ፤ ልጅቷ አለቀሰች። እናት ማታ ከሥራ ገብታ ነገሩን ስትሰማ «እማዬ፣ ምነው ልጅቷን በሰው ፊት ታሳፍሪያታለሽ?» ብላ አዘነች። ደግነቱ ችግሩ ሳይውል ሳያድር ተፈታ። በማግስቱ ከፒያሳ ኢርፎን ገዝታላታለች።