ሐረጉን ብቻ መቅዳት ይብቃን

ባለፈው ክረምት ዘመድ ልጠይቅ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። እግረ መንገዴን ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታን አየኋቸው። ጨዋታ መሀል ስልኬን አውጥቼ አንድ የብራና ገጽ አሳየኋቸው። ከማይክሮፊልም የተገለበጠ፣ ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። ለሥራ መነሻ ይሆነኛል ብዬ ያስቀመጥኩት ነበር። እኔ በጽሕፈቱ ውበት ተመስጫለሁ። እርሳቸው ስልኩን አስጠጉት፣ መልሰው አራቁት፣ ከዚያ «ቀዩን የት አደረሳችሁት ልጄ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ የስልክ አፕና የድረ ገጽ ዲዛይን ነው። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ መጀመሪያ የምከፍተው ዲዛይነሮች ሥራቸውን የሚያሳዩባቸውን ድረ ገጾች፣ ቢሃንስንና ፒንተረስትን ነው። ከዓለም ዲዛይነሮች ብዙ ተምሬበታለሁ፣ ነገም እከፍተዋለሁ። ቅር የሚለኝ ወደ ራሳችን ዕቃ ስንመጣ የምናደርገው ነው። ደንበኛ «ባህላዊ ይሁንልኝ» ይላል። እኛ ደግሞ ከብራና ላይ ሐረግ፣ ያንን የተጠላለፈ የገጽ ጌጥ፣ ቆርጠን ጥግ ላይ እንለጥፋለን። ጀርባውን ቡናማ እናደርጋለን። መሶብ ወይም መስቀል ጣል እናደርጋለን። አለቀ። እኔም ስንቴ እንዲህ አድርጌ ሥራ አስረክቤያለሁ።

ሐረግ እኮ ሥራ አለው። መጽሐፉ ወይም ክፍሉ በሚጀምርበት ገጽ አናት ላይ የሚሳለው «አዲስ ነገር እዚህ ይጀምራል» ለማለት ነው። መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ የሚያደርግ ሰው ዓይኑ እዚያ ላይ ያርፋል። ጥግ ላይ ስንለጥፈው ሥራውን ቀምተን መልኩን ብቻ አስቀረን።

የየኔታ ቀይ ቀለምም እንደዚሁ ነው። ነገሩ የገባኝ ግን ቆይቶ፣ ከአንድ አፕ ጋር ስታገል ነው። የእንግሊዝኛውን ገጽ ወደ አማርኛ ቀይር ተባልኩ። በእንግሊዝኛው ርዕሱ በትልልቅ ፊደል፣ ማስታወሻው በዘመም ፊደል ነው የተጻፈው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለውም። ኮምፒውተሩን «ትልቅ ፊደል አድርገው» ብትሉት ምንም አያደርግም። «አዝምመው» ስትሉት ደግሞ አብዛኛው ፎንት የተዘጋጀ ዘመም ፊደል ስለሌለው ፊደሉን በግድ ገፍቶ ያጋድመዋል። ያማል ማየቱ። ታዲያ ዋናውን ነገር ከተራው በምን እንለየው?

ለዚህ ጥያቄ ቁም ጸሐፊዎች፣ የብራና መጻሕፍትን በእጅ የሚጽፉት፣ ከጥንት ጀምሮ መልስ ነበራቸው። ሥራቸውን እንደ ዲዛይነር አንድ በአንድ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና ይሆናል። ከዚያ ዳርና ዳሩ በወስፌ ይበሳና ከቀዳዳ ቀዳዳ ያለ ቀለም ይሰመራል። መስመሩ በሩቁ አይታይም፣ ነገር ግን እያንዳንዱን ፊደል ቦታ ያስይዛል። ዛሬ ፊግማ በሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ላይ ግሪድ የምንለው መስመር ይኸው ነው። ገጹ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓምድ፣ በትልልቅ መጻሕፍት ደግሞ ሦስት ዓምድ ይሆናል። ጸሐፊው ሁለት የመቃ ብዕር፣ ሁለት የቀለም ቀንድ ይዞ ይቀመጣል። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ።

ቀዩ ዝም ብሎ አይፈስም። የክፍሉ መጀመሪያ በቀይ ይጻፋል። የፈጣሪ ስም፣ የእመቤታችን ስም በቀይ ይጻፋል። በጸሎት መጻሕፍት ደግሞ የባለቤቱ ስም በቀይ ይገባል፤ «ለገብርከ»፣ ለአገልጋይህ፣ ካለ በኋላ የሰውዬው ስም። መጽሐፉ ባለቤት ሲቀይር የቀድሞው ስም ይፋቅና የአዲሱ በላዩ ይጻፋል። እንዲህ ያሉ የተፋቁ ስሞች በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ ይገኛሉ። ይህን ሳስብ ሁሌም ይደንቀኛል። አፕ ስንከፍት «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ስማችንን የሚጠራበት ቦታ አለ አይደል? ስሙ ብቻ የሚለወጥ፣ ሌላው ጽሑፍ የማይነካ ቦታ። እነሱ ያንን ቦታ በቀለም ለይተው አዘጋጅተውት ነበር።

የድጓውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዜማ መጽሐፍ፣ ገጽ ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛል። ንባቡ በትልቁ ተጽፏል። በላዩ፣ በመስመሮቹ መካከል፣ ደቃቅ የዜማ ምልክቶች ተሰድረዋል። ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ጭረት፣ ርክርክ። አንዱ መስመር ለአንደበት፣ አንዱ ለዜማ። ሁለቱ አይጋጩም፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ከመጀመሪያው ለሁለቱም በቂ ቦታ ትቷል። የዛሬው የአማርኛ አፕ ግን መስመሩ እላይ በላይ ተደራርቦ ይታፈናል። በየቀኑ የምጠቀምበት አንድ አፕ አለ፤ «ቋ» እና «ጯ» እግራቸው ተቆርጦ ነው የሚታዩት። የእኛ ፊደላት አብዛኞቹ ቁመታቸው የተቀራረበ ስለሆነ ጽሑፉ ጥቅጥቅ ይላል። ከእንግሊዝኛው ሰፋ ያለ የመስመር ክፍተት ይፈልጋል። ይህን ለማወቅ የውጭ ኮርስ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ድጓ ገልጦ ማየት ይበቃል።

በቴክኖሎጂው በኩል ሰበብ የለንም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት ቁጥር በሚያውቁበት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ትርምስ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ አሥር የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ። ነጻ ፎንቶችም አሉ፤ ኖቶ ኢትዮፒክ አለ፣ አቢሲኒካ አለ። የቀረው የእኛ ዓይን ነው።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ።

ከባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከወደቡ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይገኛል። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው። ውጭው ቅኔ ማኅሌት፣ መሀሉ ቅድስት፣ ውስጡ አራት ማዕዘን መቅደስ። ሥዕሎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው የመቅደሱን ግድግዳ ሸፍነዋል። በሮቹን ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ይጠብቃሉ። ካሜራ ይዞ ለሚገባ ሰው ቦታው ፈተና ነው። ብርሃኑ ትንሽ ነው። ፍላሽ ቀለሙን እንዳይጎዳ አላበራም። ከሁሉ የሚከብደው ግን መተላለፊያው ጠባብ መሆኑ ነው። ወደ ኋላ ርቆ ግድግዳውን በሙሉ ማየት አይቻልም። ቁርጥራጭ እያነሱ በኋላ በኮምፒውተር መስፋት ነው ያለው መላ።

ሰፍቼ ስጨርስ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ። በስክሪኑ ላይ ማንም ቆሞ ሊያየው የማይችለውን ሙሉ ግድግዳ አየሁ። ግን ሞቶ ነበር። ለካ ያ ግድግዳ የተሣለው ለሚዞር ሰው ነው። አንድ እርምጃ ስትሄዱ አንድ ታሪክ ይከፈታል፣ ማዕዘኑን ስትዞሩ ሌላው ይመጣል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ እንዳይሳሳት ሕግ ተበጅቶለታል፤ ጻድቃን ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይን ያያሉ፣ ክፉዎቹ በጎን ናቸው፣ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ሕፃን ልጅ በደቂቃ ይለየዋል። እኛ አሁን አይከን፣ ያለ ጽሑፍ የሚናገር ትንሽ ሥዕል፣ እያልን የምንደክምበት ነገር ይህ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ግድግዳ ወደ ስልክ ስናመጣ እንደ ፖስተር አንዘርጋው። ጣት ወደ ጎን ሲሄድ ሰውየው በቅድስቱ የሚዞር ይምሰለው። ማዕዘን ይኑረው፣ በር ይኑረው። ይህ የሚቻል ነገር ነው፤ ምናባዊ ዓለም የሚያሳየው ውድ መነጽርም አያስፈልገውም። ምስሉ እንደ ካርታ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይቆረጣል፣ ስልኩም የምናየውን ቁራጭ ብቻ ያወርዳል። የኢንተርኔት ጥቅል ቆጥቦ ለሚገዛ የባሕር ዳር ተማሪ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ስለ ፎቶ ካነሳሁ ፎቶ አንሺዋን አይዳ ሙሉነህን ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የመሠረተች ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ውኃ የሠራቻቸውን ተከታታይ ፎቶዎች አፋር ውስጥ፣ ዳሎል ላይ ነው ያነሳችው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ሌላ ብዙ ቀለም የለም። ፎቶዎቿን ባየሁ ቁጥር የዘጌው ግድግዳ ትዝ ይለኛል። ቀለሙ ያዛል። አንድም ሐረግ ጥግ ላይ አልለጠፈችም።

እናቴ ባሕር ዳር ተወልዳ እዚያው አርጅታለች። በደሴት ላይ ያለውን ገዳም፣ ክብራን ገብርኤልን፣ ከሐይቁ ዳር ቆማ ታየዋለች። ለሴት ስለማይፈቀድ ግን ረግጣው አታውቅም። «ውስጡ እንዴት ነው?» ብላ ስንት ጊዜ ጠይቃኛለች። ከእርሷ ጥያቄ በላይ ይህን ሥራ እንድሠራ የሚገፋኝ የለም። ቢሆንም መነኮሳቱ ሳይፈቅዱ አንድም ምስል አልለቅም። ቦታውን ለዘመናት የጠበቁት እነሱ ናቸው፤ ምን ይታይ፣ ምን ይከደን የሚለውን እነሱ ይበሉ። ካሜራ ስላለን ብቻ ሁሉ የእኛ አይደለም።

የውጭ ምሁራን ሥራም ይመስገን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት የጣና ገዳማትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንስተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ የአገሪቱ የብራና መጻሕፍት እንዲሁ በማይክሮፊልም ተቀርጸዋል። ያ ባይሆን ብዙው ይጠፋ ነበር። የዚያ ጊዜ ማይክሮፊልም ግን በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። የፈጣሪ ስምና ተራው ቃል አንድ ሆኑ። የኔታ በአንድ እይታ ያዩት ይህንን ነው።

አሁን የምሠራው አንድ የጸሎት ገጽ ለስልክ ነው። ቀዩን መለስኩት። ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ስልክ የለመደ ሰው ቀይ ሲያይ ስሕተት ወይም ክፍያ ያልተሳካ ይመስለዋል። የሞከሩልኝ ሁለት ወጣቶች «ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። ቀዩን ወደ ድጓው ቀይ፣ ወደ ጠቆር ያለው፣ አወረድኩት። ዙሪያው ያለውን ክፍተት አሰፋሁት። የተጠቃሚውንም ስም በቀይ አስገባሁት። አሁን የቀረኝ ደብረ ማርቆስ መውረድ ነው። ስልኩን ለየኔታ እሰጣቸውና ዝም ብዬ ፊታቸውን አያለሁ።